ሥርዓት የያዘ መደርደሪያ፣ ስም የሌለው በርበሬ

ስለ ተገጣጣሚ የወጥ ቤት ዕቃዎች፣ ስለ ክፍት ልክ እና በሲያትል ስለሚጠብቀን የጋራ ሥራ

ከሁለት ዓመት በፊት ለወጥ ቤቴ ተገጣጣሚ የማስቀመጫ ዕቃዎች ገዛሁ። እርስ በርስ የሚደራረቡ፣ ጎን ለጎን የሚያያዙ፣ ክዳናቸው ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ፣ ውስጣቸው ከውጭ የሚታይ ናቸው። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ሚጥሚጣው፣ ምስሩ፣ በሶውና የጤፍ ዱቄቱ በየተራቸው ተሰለፉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የጓዳውን በር ከፍቼ ማሳየትም ልማድ ሆነብኝ። በዓመቱ ግን የአንዱ ክዳን ተሰበረ። ምትክ ፍለጋ ስሄድ አምራቹ ቅርጹን ለውጦ ኖሯል፤ አዲሱ ክዳን በአሮጌው ዕቃ ላይ አይገጥምም፣ አዲሱ ዕቃም ከአሮጌው ጋር አይያያዝም። “ተገጣጣሚ” የተባለው ነገር የሚገጥመው ከራሱ ጋር ብቻ፣ ያውም ለጥቂት ጊዜ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ሁለተኛው ትምህርት የባሰ ነበር። እናቴ በሰው አስይዛ የላከችልኝን በርበሬ ከእነዚሁ ዕቃዎች በትልቁ ሞልቼ ጋራዥ ውስጥ አስቀመጥኩት። በየካቲት ወር ስከፍተው ሻግቷል። ክዳኑ እንከን አልነበረበትም። በርበሬው ሲገባ በሚገባ ያልደረቀ ስለነበረ ዕቃው እርጥበቱን አጥብቆ ያዘለት እንጂ ሌላ ጥፋት አላጠፋም። በርበሬው መቼ እንደተሰጣ፣ መቼ እንደተፈጨ፣ በሻንጣ ውስጥ ስንት ቀን እንደቆየ የምትናገር አንዲት መስመር ጽሑፍ ግን የትም አልነበረችም። የእናቴን የሳምንታት ልፋት በአንድ ጥቁር ፌስታል አድርጌ ጣልኩ።

የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ከእነዚህ ሁለት ገጠመኞች ይነሣል። እኛ በሲያትልና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የምግብ አቀማመጥን ጉዳይ የግል ሸመታ አድርገነዋል፤ ችግሩ የዕቃ እጥረት ይመስል እያንዳንዳችን ዕቃ እንገዛለን። ያጣነው ግን የጋራ ልክ ነው፤ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል መጠን፣ ማንም ሊያነበው የሚችል መለያ ጽሑፍ፣ ማንም ሊጠይቅበት የሚችል ቀን። ይህ ልክ ከሱቅ አይገዛም፤ ተስማምተው ያወጡታል። ከመካከላችን ደረጃዎችን የሚያረቅቁ፣ ሶፍትዌር የሚያገናኙ፣ የጤና ፖሊሲ የሚጽፉ ስንት ሰዎች እያሉ ለገዛ ጓዳችን አንዲት የጋራ ደንብ አለማውጣታችን የዓቅም ማነስ ነው ብሎ መከላከል አይቻልም። ቸልተኝነት ነው።

ዝግ ልክ እና ክፍት ልክ

ከምዕራብ ሲያትል ድልድይ ላይ ሆኖ ወደ ሃርበር ደሴት የተመለከተ ሰው የተደራረቡ ኮንቴይነሮችንና ግዙፍ ክሬኖችን ያያል። እያንዳንዱ ሣጥን የተለያየ ባለቤት፣ የተለያየ ቀለም፣ የተለያየ ጭነት አለው። ሆኖም ሁሉም በአንድ ክሬን ይነሣል፣ በአንድ መርከብ ላይ ይደራረባል፣ በአንድ ዓይነት የጭነት መኪና ይጓዛል።

ይህ እንዲሁ የሆነ ነገር አይደለም። ማልኮም ማክሊን የተባለው የቀድሞ የጭነት መኪና ድርጅት ባለቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1956 “አይዲያል ኤክስ” በተባለችው መርከብ 58 ሣጥኖችን ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ሲልክ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አንድ ቶን ጭነት በሰው ጉልበት መርከብ ላይ ለመጫን 6 ዶላር ገደማ ይፈጅ የነበረው ወጪ ወደ 16 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ይሁን እንጂ ዓለምን የለወጠው ሣጥኑ ብቻውን አልነበረም። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱ ቁመት፣ የየራሱ ስፋት፣ የየራሱ መቆለፊያ ነበረውና የአንዱ ሣጥን በሌላው መርከብ ላይ አይገጥምም ነበር። ይህ ቋጠሮ የተፈታው በ1960ዎቹ የማክሊን ኩባንያ በሣጥኑ ማዕዘን ላይ ባለው መያዣ የነበረውን የፈጠራ መብት ያለ ክፍያ ሲለቅቅና ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያንኑ መሠረት አድርጎ የጋራ ደረጃ ሲያወጣ ነው። ማክሊን መብቱን በመልቀቁ አልደኸየም፤ ገበያው ስለሰፋ እርሱም አብሮ አተረፈ።

የእኔ የፕላስቲክ ዕቃዎች የዚህ ተቃራኒ ናቸው። መገጣጠማቸው ገዢውን ከአንድ አምራች ጋር የሚያስር ገመድ ነው። የሚያስገርመው ከዚያው መደብር ጥቂት መደርደሪያዎች አልፎ ክፍት ልክ ያለው ዕቃ ተቀምጦ መገኘቱ ነው፤ ይኸውም ጆን ሜሰን በ1858 የፈጠራ መብት ያወጣበት፣ አፉ ጥርስ ያለው የመስታወት ማሰሮ ነው። መብቱ በ1879 ካበቃ ወዲህ ብዙ አምራቾች ሠርተውታል። ዛሬ በአሜሪካ የሚሸጠው ማሰሮ በተለምዶ ሁለት የአፍ ስፋት ብቻ አለው፤ አንዱ 70 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 86 ሚሊ ሜትር ገደማ። የአንዱ አምራች ክዳን በሌላው ማሰሮ ላይ ይገጥማል። ክዳን ቢሰበር ክዳን ይገዛል እንጂ ጓዳው በሙሉ አይለወጥም። ጎን ለጎን አይቆላለፍም፣ ፎቶግራፍ ሲነሣም እንደ ፕላስቲኩ አያምርም። ለማኅበረሰብ የሚበጀው ግን እርሱ ነው።

“የእህቴ እጅ ነው”

በደቡብ ሲያትል በርበሬ የማገኘው ከአንዲት እናት ዘንድ ነው። አንድ ቀን፣ “እትዬ፣ ይሄ መቼ የተፈጨ ነው?” ብዬ ጠየቅኳቸው። እርሳቸውም ቅር ሳይላቸው፣ “ልጄ፣ የእህቴ እጅ ነው” ብለው መለሱልኝ።

ይህን መልስ ማንም አዲስ መጤ እንደ ማምለጫ ይቆጥረው ይሆናል። እኛ ግን ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። በርበሬው የተቀነጠሰው፣ የተደለዘው፣ የተሰጣው፣ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር የተመጠነው በታወቀ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። ስለ ቀን ተጠይቆ በሰው ስም የተመለሰ መልስ ነው። በአገራችንም ለዘመናት በቂ መልስ ነበር።

በቂ የነበረበት ምክንያት ግን አለው። በገጠር ቤት ውስጥ የሚቆመውን ጎታ እናስብ። ጭቃ ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ፣ ዙር በዙር እየደረቀ ከፍ ይላል፤ እህሉ ከላይ ገብቶ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ከታች ባለው ቀዳዳ ደግሞ በየጊዜው ይቀዳል። ጎታው ላይ የተጻፈ ነገር የለም፣ አያስፈልግምም፤ እህሉን ያስገባችውና የምታወጣው አንዲት ሴት ናትና። ምን ያህል እንደገባ፣ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣ እስከ ስንት ወር እንደሚያዘልቅ በልቧ ይዛዋለች። መለያ ጽሑፍ የሚያስፈልገው አስገቢውና አውጪው ሲለያዩ ነው። በእኛ ሁኔታ በመካከላቸው ውቅያኖስ ገብቷል። በርበሬው ከእህት ወደ መንገደኛ፣ ከመንገደኛ ወደ ዘመድ፣ ከዘመድ ወደ ሻጭ፣ ከሻጭ ወደ እኔ ይደርሳል። በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ ከእህት እጅ ጥቂት ዕውቀት ይንጠባጠባል፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ የቀረው መልካም ስም ብቻ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ ኢትዮጵያ ኖሮ ከተመለሰ በኋላ በጎረቤታችን በአይዳሆ ጤፍ ማስዘራት ጀመረ፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮም ለእኛው ገበያ ሲያቀርብ ኖሯል። ያ ጤፍ ክብደቱ፣ አምራቹና ይዘቱ በከረጢቱ ላይ ታትሞ ይሸጣል። ከአጠገቡ የተቀመጠው የእኛ በርበሬ ግን ብዙ ጊዜ በስስ ላስቲክ ተቋጥሮ፣ በእስክሪብቶ ዋጋ ብቻ ተጽፎበት ይገኛል።

እርጥበት ዝምድና አያውቅም

የሻጋታን ነገር በቅጡ መረዳት ያስፈልጋል፤ ክርክሩ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። አየር የማያስገባ ዕቃ ሁለት የተለያዩ ጠላቶችን ይገጥማል። አንዱ ነቀዝ ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ በካሜሩን ያዳበሩት፣ ከ2007 ጀምሮም መቀመጫውን በሲያትል ባደረገው በጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ በአፍሪካ የተስፋፋው “ፒክስ” የተሰኘ ከረጢት በዚህ ረገድ ውጤታማ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ሽፋኖች ከአንድ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፣ አፋቸው ተጠምዝዞ ይታሰራል፣ ነቀዙም ኦክስጅኑን ጨርሶ ያልቃል። ያለ መርዝ ኬሚካል እህል ይድናል። ኢትዮጵያም ከተጠቃሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት።

ሁለተኛው ጠላት ሻጋታ ነው፤ እርሱን የሚያሸንፈው ክዳን ሳይሆን ፀሐይ ነው። ከረጢቱን የሚያስተዋውቁ ባለሙያዎች ለገበሬው አስቀድመው የሚያስተምሩት እህሉን ማድረቅን ነው። መመርመሪያውም ቀላል ነው፤ ደረቅ ጨውና ጥቂት እህል በደረቅ ጠርሙስ ተደርጎ ይወዘወዛል፣ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም። እኛ ደግሞ ከመጸው እስከ ፀደይ ዝናብ በማያጣት ከተማ እየኖርን፣ በርበሬን ከፍሪዘር አውጥተን በእንፋሎት የተሞላ ወጥ ቤት ውስጥ እንከፍተዋለን፤ ብርዱ ላይ የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ያርፍበታል፣ ከዚያም መልሰን ጥርቅም አድርገን እንዘጋዋለን። ይህን የሚያርም ውድ ዕቃ የለም። የሚያርመው በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ማስቀመጥ፣ የሚፈለገውን ብቻ ማውጣት፣ ሳይከፍቱም ቅዝቃዜው እስኪለቀው መጠበቅ ነው።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍኩ። አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል፣ በቤት ውስጥ ማብሰልም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በዓይን አይታይም፣ በአፍንጫ አይሸትም። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ1996 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት ከአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ የሽሮና የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች በከፊሉ አፍላቶክሲን አግኝተዋል። አሜሪካ ለምግብ ያስቀመጠችው ወሰን በቢሊዮን 20 እጅ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2019 ወዲህ ከኢትዮጵያ የሚገባውን በርበሬና ቅመማ ቅመም በድንበር ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መካከል መዝግቦታል። ከዚህ ተነሥቶ “በርበሬያችን መርዝ ነው” የሚል ሰው ስሕተት ይሠራል፤ ብዙው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ንጹሑን ካልጸዳው የምንለይበት መንገድ ሳይኖረን ግን በልበ ሙሉነት ለልጆቻችን ማጉረሳችን ሊያሳስበን ይገባል።

ስም ሀብት መሆኑን የተማርነው በዚሁ ከተማ ነው

መለያ ጽሑፍ የቢሮክራሲ ሸክም ብቻ ለሚመስላቸው ወገኖች አንድ የቅርብ ታሪክ ላስታውስ። ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተሰኙትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ ክርክሩ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሲያትል ወደሆነው ወደ ስታርባክስ ደረሰ። በሰኔ 2007 ሁለቱ ወገኖች ስሞቹን ስለመጠቀም ስምምነት ፈረሙ። ያ ሁሉ ሙግት የተካሄደው በከረጢቱ ውስጥ ስላለው ፍሬ አልነበረም፤ በከረጢቱ ላይ ስለተጻፈው ቃል ነበር። ያኔ ከመካከላችን ብዙዎች አደባባይ ወጥተን “ስሙ የገበሬው ነው” ብለን ነበር። ታዲያ የይርጋጨፌን ገበሬ ስም ለማስከበር የቆመ ማኅበረሰብ፣ በርበሬ ያደረቀችውን እህት ስም ከከረጢቱ ላይ ለምን ያስቀራል?

ልክ ሲወጣ ጥንቃቄ እንደሚያሻውም ያው ቡና አስተምሮናል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሥራ ሲጀምር፣ የመጋዘን ደረሰኝና የጥራት ደረጃ አስተዋውቆ በማይተዋወቁ ሻጭና ገዢ መካከል መተማመንን ፈጠረ። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ይሁን እንጂ ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ ሲሸጥ የየትኛው ጣቢያ፣ የየትኛው ገበሬ እንደሆነ መከታተል አስቸጋሪ ሆነ፤ ልዩ ቡና ፈላጊ ገዢዎችም አጉረመረሙ። በ2017 የተደረገው ማሻሻያ የምንጭ ክትትልን መንገድ ከፈተ። እንግዲህ ጥሩ ልክ መጠኑን አንድ ያደርጋል እንጂ ምንጩን አያጠፋም። የኮንቴይነሩ ማዕዘን አንድ ይሁን፤ ጭነቱ ግን ባለቤቱን ይዞ ይጓዝ።

ምን እናድርግ?

አራት ነገሮችን አቀርባለሁ፤ ሁሉም ትንንሽ ናቸው።

አንደኛ፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል ባለ አምስት መስመር መለያ እናውጣ፦ ምን እንደሆነ፣ የማን እጅ እንደሆነ፣ የትና መቼ ደርቆ እንደተፈጨ፣ የተጣራ ክብደቱ፣ የዙሩ ቁጥር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ ይዘጋጅ። “የእህቴ እጅ” የሚለው ቃል በሁለተኛው መስመር ላይ በክብር ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ከአንድ አምራች ጋር የማያስር የጋራ ዕቃ እንምረጥ። የመስታወት ማሰሮው በሁለት መጠን ይበቃል፤ ትንሹ ለዕለት፣ ትልቁ ለክምችት።

ሦስተኛ፣ ምርመራን በጋራ እንክፈል። አንዲት ሻጭ ለብቻዋ የላቦራቶሪ ወጪ መቻል ያዳግታታል፤ በዙር ቁጥር የተለየ ምርት ከየቤቱ ናሙና ተወስዶ ለአፍላቶክሲንና ለእርሳስ ቢመረመር ግን ወጪው ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የምንለው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነውን?

አራተኛ፣ ከሕጉ ጋር እንተዋወቅ። ዋሽንግተን ግዛት ከ2011 ጀምሮ በቤት ውስጥ የሚዘጋጁ አነስተኛ ስጋት ያላቸው ምግቦችን በፈቃድ መሸጥ ፈቅዳለች፤ ዓመታዊ የሽያጭ ጣሪያውም በ2023 ወደ 35,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ደረቅ ቅመሞችን ቀላቅሎ ማሸግ ከተፈቀዱት መካከል ነው፤ ነገር ግን ቅመሙ ከታወቀና ከተፈቀደ ምንጭ የተገኘ እንዲሆን፣ በቤት ወጥ ቤት የተሠራ መሆኑም በመለያው ላይ እንዲጻፍ ሕጉ ያዛል። በሻንጣ የመጣ፣ ምንጩ ያልተጻፈ በርበሬ በዚህ በር አያልፍም። የምንጩ መዝገብ ካለ ግን ቢያንስ የሚያንኳኳው ነገር ይኖረዋል።

ሦስት ተቃውሞዎች

“ይህ እናቶቻችንን መናቅ ነው” የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ተቃራኒውን አያለሁ። ስሟ ያልተጻፈ ባለሙያ የምትጠፋው በመጀመሪያው ርክክብ ላይ ነው። መለያው እጇን ከደረሰበት በላይ ሩቅ ያደርስላታል፣ ለሙያዋም ዋጋ መጠየቂያ ይሆናታል።

“ደንብ ሲመጣ ትንንሽ ሻጮች ይጠፋሉ” የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ደንብ ከላይ ሲወርድ እውነትም ደካማውን ይጨፈልቃል። ለዚህ ነው ቀድመን እኛው እንድናወጣው የምለው። በዚሁ ኪንግ ካውንቲ የጤና ሠራተኞችና ተመራማሪዎች በአፍጋን ስደተኞች ቤት የሚገኙ የአሉሚኒየም ድስቶችን መርምረው እርሳስ እንዳለባቸው በ2022 ይፋ አደረጉ፤ በ2024 በማብሰያ ዕቃዎች ላይ የእርሳስን መጠን የሚወስን የግዛት ሕግ ወጣ። ውጤቱ ልጆችን የሚጠብቅ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ቁምነገሩን እናስተውል፤ የስደተኛ ጓዳ ከተለካ ወዲያ የፖሊሲ ጉዳይ ይሆናል። በርበሬያችንም አንድ ቀን በሆነ ሰው መለካቱ አይቀርም። ያን ዕለት የራሳችን መዝገብ በእጃችን ካለ በጠረጴዛው ዙሪያ እንቀመጣለን፤ ከሌለ ማስታወቂያ እንቀበላለን።

ሦስተኛው፣ “አገር ቤት ገበሬው እህሉን በነቀዝ እያጣ ስለ ሲያትል ጓዳ ማውራት ቅንጦት ነው” ይላል። ሁለቱ ግን አንድ ሰንሰለት ናቸው። ከዚህ “መቼ ደረቀ?” ተብሎ በጽሑፍ የሚጠየቅና ለመልሱ የሚከፈል ዋጋ ካለ፣ እዚያ በሚገባ የማድረቅ ትርፉ ከፍ ይላል። ለአገር ቤት ከረጢት ገንዘብ የሚመድብ ተቋም እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ፤ ለዚያ ከረጢት ይዘት ጥያቄ የሚያቀርብ ሸማች መሆን ግን ከእኛ የሚጠበቅ ነው።

ከእናቴ በርበሬ መበላሸት በኋላ ተገጣጣሚ ዕቃዎቼን አልጣልኳቸውም፤ አንዳንዶቹ አሁንም ሩዝና መኮሮኒ ይዘዋል። ሽሮውና በርበሬው ግን ወደ መስታወት ማሰሮ ተዛውረዋል፣ በእያንዳንዱም ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ባለፈው ወር እትዬ ዘንድ ስሄድ አምስቱን መስመሮች የያዙ ባዶ ወረቀቶች ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ጥቂት ዝም አሉና ስልካቸውን አንሥተው ወደ እህታቸው ደወሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “በርበሬውን ያሰጣሽው መቼ ነበር?” የሚል ነበር። እህትየው ቀኑን አልረሱትም፤ እስከዚያ ዕለት የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

ከእናንተ መካከል የምግብ ሳይንስ፣ የሕግ፣ የሎጂስቲክስ ወይም የኅትመት ሙያ ያላችሁ ለዚህ መልእክት ምላሽ ላኩ። የመለያውን ረቂቅ ለትችት እልክላችኋለሁ።